ማኅበር ከራሱ ያተርፋል ወይ?

ልጅ ሆኜ አባቴን ተከትዬ የሰፈራችን ኢድር ስብሰባ ላይ የሰማሁት አንድ ክርክር እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ኢድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮችና ትልልቅ ድስቶች ነበሩት። ከጎረቤት ሰፈር አንድ ሰው ለልጁ ሰርግ ድንኳኑን በኪራይ ጠየቀ። ገሚሱ «ለሣጥናችን ይበጃል» አለ። አንድ ሽማግሌ ግን ተነሥተው «የተሰበሰብነው ለለቅሷችን ነው፤ ከመቼ ወዲህ ነጋዴ ሆንን?» አሉ። ክርክሩ በምን እንዳለቀ አላስታውስም። የሽማግሌው ጥያቄ ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ባልጠበቅኩት ቦታ ተገናኘኝ፤ በእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ታሪክ ውስጥ። እንግሊዞች ለመመለስ ብዙ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ጥያቄው ሲታይ ቀላል ነው። ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አብረው ቢገለገሉና ዓመቱ ሲያልቅ ሣጥኑ ውስጥ ገንዘብ ቢተርፍ፣ ያ የተረፈው «ትርፍ» ነው? መንግሥትስ ድርሻዬን አምጡ ሊል ይችላል?

እንግሊዝ የክበብ አገር ናት። የሠራተኞች ክበብ፣ የክሪኬት ክበብ፣ የአትክልት ወዳጆች ክበብ... የባለጸጎቹን የለንደን ክለቦች ትተን ስለ ትንንሾቹ እናውራ። አብዛኞቹ እንደ ኩባንያ የተቋቋሙ አይደሉም። በሕግ ዓይን ከአባሎቻቸው የተለየ ሰውነት የላቸውም። ያላቸው መተዳደሪያ ደንብ፣ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ነው። ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኢድርና የጽዋ ማኅበር ብለን የምናውቀው ቅርጽ ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ ክርክር የተነሣው በግብር ሳይሆን በመጠጥ ነበር (ስለ እንግሊዝ ስናወራ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1882 ግሮቭነር የተባለ ክበብ ሥራ አስኪያጅ ለአንድ አባል ውስኪና ቢራ ሰጥቶ ሂሳቡን በመቀበሉ ያለ ፈቃድ መጠጥ ሸጧል ተብሎ ተከሰሰ። ፍርድ ቤቱ አልሸጠም አለ። መጠጡ የአባላቱ ሁሉ የጋራ ንብረት ነው፤ አባሉም አንዱ ባለቤት ነው፤ ሰው የራሱን ንብረት ከራሱ አይገዛም። ግራፍ እና ኢቫንስ በሚል የሚታወቀው ይህ ክርክር ለክበቦች ትልቅ በር ከፈተ።

ሰባት ዓመት ቆይቶ ነገሩ ወደ ግብር ዞረ። እንግሊዝ የገቢ ግብርን በ1799 ለናፖሊዮን ዘመን ጦርነት ብላ ጀምራ፣ በ1816 ሰርዛ፣ በ1842 መልሳ አምጥታዋለች። በ1889 የጌቶች ምክር ቤት ፊት የቀረበው ባለጉዳይ ክበብ ሳይሆን ኒውዮርክ ላይፍ የተባለው የመድን ድርጅት ነበር። ድርጅቱ ባለአክሲዮን የለውም፤ ባለቤቶቹ መድን የገቡት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ካዋጡት የተረፈው ለራሳቸው ይመለሳል። ዳኞቹ በአብላጫ ድምፅ ይህ ትርፍ አይደለም አሉ፤ አብልጠው ያዋጡትን መልሰው ወሰዱ እንጂ ከማንም አላተረፉም። «ሰው ከራሱ አያተርፍም» የሚለው መርሕ በግብር ሕግ ውስጥ ሥር የሰደደው በዚህ ፍርድ ነው።

የኢድራችን ድንኳን በእንግሊዝኛ የቀረበው ግን በ1913 ነው። ሲሎት በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ጠረፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የካርላይልና ሲሎት የጎልፍ ክበብ መጫወቻ ሜዳውን የተከራየው ከባቡር ኩባንያ ሲሆን፣ ውሉ እየከፈሉ መጫወት የሚፈልጉ እንግዶችንም እንዲያስተናግድ ያስገድደው ነበር። ግብር ሰብሳቢው መጣ። ክበቡም እኛ የአባላት ማኅበር ነን፤ ንግድ አናውቅም ብሎ ተከራከረ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ነገሩን ለሁለት ከፈለው። ከአባላት መዋጮ የተረፈው አይነካም፤ ከእንግዶች የተገኘው ትርፍ ግን ግብር ይከፈልበታል። እንግዳው የክበቡ ባለቤት አይደለምና ከእሱ የተገኘው ገንዘብ ከውጭ የመጣ ነው።

የእኛ ሽማግሌ ይህን ፍርድ አላነበቡትም። ድንበሩን ግን እዚያው ቦታ ላይ አስምረውት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ለትንሽ ክበብ ደግ ነው። ፊቱን የቀየረው በ1965 ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጄምስ ካላሃን ኩባንያዎች ከግለሰብ የገቢ ግብር ተለይተው የራሳቸውን የኮርፖሬሽን ግብር እንዲከፍሉ የሚያደርግ ሕግ አመጡ። በዚያ ሕግ ትርጓሜ «ኩባንያ» ማለት የተመዘገበ ድርጅት ብቻ አልነበረም፤ ሕጋዊ ሰውነት የሌለው ማኅበርም ኩባንያ ነው ተባለ። የመንደሩ የክሪኬት ክበብ ሳያውቀው ከግዙፍ ፋብሪካዎች ጋር በአንድ መዝገብ ገባ። የአባላት መዋጮ እንደ ድሮው ከግብር ውጭ ቢሆንም፣ ክበቡ ባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ ወለድ ሲያፈራ ያ ወለድ የመጣው ከባንክ ነው፤ ከአባል አይደለም። ስለዚህ ግብር አለበት።

ትርጓሜው ያስከተለውን ግርግር ለማየት ከወግ አጥባቂው ፓርቲ የተሻለ ምሳሌ የለም። የፓርቲው ማዕከላዊ ጽሕፈት ቤት ለገቢው የኮርፖሬሽን ግብር ክፈል ሲባል፣ እኛ በሕጉ አባባል ማኅበር አይደለንም ብሎ ተከራከረ። በ1981 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም እውነታችሁን ነው አለው። በፍርዱ መሠረት ማኅበር ለመባል ሰዎቹ ለንግድ ላልሆነ የጋራ ዓላማ በእርስ በርስ ግዴታ የተሳሰሩ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚያዝበት የሚወስን ደንብ ያላቸውና በፈቃዳቸው የሚገቡና የሚወጡ መሆን አለባቸው። ፓርቲው አባላቱን ሁሉ የሚያስተሳስር እንዲህ ያለ ውል አልነበረውም። እንግዲህ አስቡት፤ አገር የሚመራው ፓርቲ መለኪያውን ሳያሟላ ቀርቶ አመለጠ። የሰፈራችን ኢድር ግን አንድም ሳይጎድለው ያሟላዋል!

ታዲያ ዛሬ በዚያ አገር ያለ ትንሽ ክበብ ምን ማድረግ አለበት? ግብር የሚከፈልበት ገቢ ካገኘ፣ የሂሳብ ዘመኑ ባለቀ በ12 ወር ውስጥ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ የራሱ ግዴታ ነው። ማንም መጥቶ እስኪጠይቀው አይጠብቅም። መሥሪያ ቤቱ ለትንንሾቹ ያበጀው ማቅለያም አለ። ክበቡ ለአባላቱ ጥቅም ብቻ የቆመ ከሆነና የዓመቱ ግብር ከ100 ፓውንድ የማይበልጥ ከሆነ እንደ ተኛ ይቆጠራል፤ በየዓመቱ ሂሳብ አያቀርብም። ይህ አቋሙ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ ይታያል። በ19 ከመቶ ምጣኔ ብናሰላው 500 ፓውንድ ወለድ ያገኘ ክበብ ግብሩ 95 ፓውንድ ነው፤ ከመስመሩ በታች ነው።

ዋናው ነጥብ ግን ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ማን ይጠየቃል የሚለው ነው። ክበቡ ሰውነት የለውም ብለናል። ሰውነት የሌለውን ማን ይከሰዋል? የ1970ው የግብር አስተዳደር ሕግ መልስ አለው፤ ገንዘብ ያዡ። ግብሩ ከእሱ ሊጠየቅ ይችላል፤ እሱ ደግሞ በእጁ ከሚገባው የማኅበሩ ገንዘብ ላይ ያስቀራል። ማታ ከሥራ መልስ ደረሰኝ የሚቆጥር፣ ደመወዝ የሌለው፣ «አንተ ታማኝ ነህ» ተብሎ በጭብጨባ የተመረጠ ሰው ማለት ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ለንደን ውስጥ ኢድር ያቋቋሙ፣ የጽዋ ማኅበር የሚጠጡ፣ የእግር ኳስ ቡድን ያላቸው ወገኖቻችን በዚሁ ሕግ ሥር ናቸው። «እኛ እኮ ኩባንያ አይደለንም» ማለት ከ1965 ወዲህ አያድንም።

አገር ቤትም ቢሆን እንዲሁ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ (በ2011 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል) ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም ብሎ በስም ለይቷቸው ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ግን «ድርጅት» የሚለውን ሲተረጉም ከኩባንያና ከሽርክና ቀጥሎ ሌላውንም የሰዎች ስብስብ ጨመረ። ለትርፍ ላልተቋቋሙ ድርጅቶች ነፃ ያደረገውም ገቢ ከዋና ዓላማቸው ጋር በቀጥታ የማይገናኘውን የንግድ ገቢ አይጨምርም። የሲሎት ሜዳና የሰፈራችን ድንኳን እንደገና ተገናኙ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ግብር የሌለበት መሆንና ከመዝገብ ውጭ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዳኞቹ ሰው ከራሱ አያተርፍም ብለው የአባላቱን ሣጥን ጠበቁት። የ1965ቱ ሕግ አርቃቂዎች ደግሞ ሣጥኑን ሳይነኩ ባለ ሣጥኑን በመዝገብ አሰፈሩት። ማኅበራችን ንጹሕ ነው ብለን ስንተማመን የምንረሳው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ስንረሳውም ዕዳው የሚወድቀው ከመካከላችን በጣም ባመንነው ሰው ላይ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ከውጭ የገባ ገንዘብ እንዳለ ገንዘብ ያዡን ጠይቁት። ወለድ፣ ኪራይ፣ ለእንግዳ የተሸጠ ትኬት... ጥያቄው እሱን መጠርጠር አይደለም፤ እሱን መጠበቅ ነው።