ኮምፒዩተር ከመንቃቱ በፊት የሚያነበው ጽሑፍ

በጧት ከጽሕፈት ቤታችሁ ገብታችሁ የኮምፒዩተሩን ማብሪያ በተጫናችሁ ጊዜ፥ የለመዳችሁት ገጽ ከመታየቱ አስቀድሞ የአምራቹ ምልክት ለጥቂት ጊዜ ታይቶ ያልፋል። በዚያች አጭር ጊዜ ቁልፍ ሰሌዳውና ዲስኩ በየስፍራቸው መኖራቸውን መርምሮ፥ ሥራውን ለዊንዶውስ ወይም ለመሰሎቹ የሚያስረክበው ጽሑፍ ፈርምዌር ይባላል።

ስሙን ያወጣው አሸር ኦፕለር የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፥ ዘመኑም በአውሮጳ አቈጣጠር 1967 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከሚዳሰሰው ዕቃና እንደ ልብ ከሚለወጠው ፕሮግራም መካከል ያለ ነገር ነውና፥ «ጽኑ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ሰጠው። አሳቡ ግን ከስሙ ይቀድማል፤ እንግሊዛዊው ሞሪስ ዊልክስ በ1951 የመኪናውን የውስጥ ትእዛዝ በማኅደር ማኖር እንደሚቻል አስረድቶ ነበር።

በ1981 የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተር ሲወጣ ባዮስ የተባለው ፈርምዌሩ ሊፋቅ በማይችል ቺፕ ላይ ተጽፎ ነበር። በጽሑፍ ገጹ ላይ የሚታዩት የፊደላት ቅርጾችም እንዲሁ በቺፕ የታተሙ ነበሩ፤ የእኛ ሀ ግን በዚያ ውስጥ አልነበረችም። ፊደላችንን እንደ ሥዕል ካልሣሉት በቀር በገጹ ላይ ማውጣት አይቻልም ነበር። የፊደል ቅርጽ ከውጭ እንዲጫን የሚፈቅድ የአይ ቢ ኤም የገጽ ካርድ የመጣው በ1984 ነው፤ ግዕዝ በዩኒኮድ የዓለም መዝገብ የገባው ደግሞ በ1999። በፋብሪካ የተጻፈ ጽሑፍ ሩቅ አገር ያለውን ሰው እንዴት እንደሚያግደው ከዚህ ይታያል።

በ1971 ዶቭ ፍሮማን የተባለው የኢንቴል ሊቅ በልዩ ብርሃን የሚፋቅ ቺፕ ሠራ። በ1984 ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ በኤሌክትሪክ የሚፋቀውን ፍላሽ ለዓለም አቀረበ፤ በቁልፍ መያዣ አንጠልጥለን የምንዞረው ዕቃ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ፈርምዌር በድንጋይ እንደ ተቀረጸ ጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ እንደ ብራና ሆነ። ነገር ግን በአማራ ሳይንት እንደምትገኘው እንደ ተድባበ ማርያም ባለ ጥንታዊ ደብር የሚጽፍ ጸሐፊ፥ አሮጌውን ቃል በምላጭ ፍቆ አዲሱን ሳይጽፍ ቢነሣ፥ ገጹ ከሁለቱም ባዶ ይቀራል። ክፉ ሰውም ሊፍቀው ይችላል፤ ሚያዝያ 26 ቀን 1999 በታይዋን ተማሪ የተሠራው ሲ አይ ኤች የተባለው ቫይረስ የብዙ ኮምፒዩተሮችን ባዮስ አበላሽቶ፥ ማብሪያቸው ቢጫኑት የማይነቁ አድርጎአቸዋል።

አሁን ከዓባይ ሸለቆ በላይ በመካነ ሰላም ባለ አንድ ጽሕፈት ቤት፥ በክረምት ነጐድጓድ ሲያጕረመርም ፈርምዌር ይታደሳል እንበል። በመካከሉ መብራት ጠፋ። በዲስኩ ያለው መዝገብ አልተነካም፤ ኮምፒዩተሩ ግን መነሣት ተስኖት፥ ቺፑን እንደ ገና የሚጽፍ ባለሙያ ፍለጋ ምናልባት እስከ ደሴ ወይም እስከ አዲስ አበባ ይጓዛል። አንዳንድ ኮምፒዩተሮች ለዚህ ሁለተኛ ቅጅ አላቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም።

እንግዲህ የምታድሱ ከሆነ፥ በመጀመሪያ ምክንያት ይኑራችሁ። አምራቹ የጸጥታ ቀዳዳ መድፈኑን ካስታወቀ በቂ ምክንያት ነው፤ አዲስ መሆኑ ብቻ ግን አይበቃም። የኮምፒዩተሩን ትክክለኛ ሞዴል አንብባችሁ ጽሑፉን ከራሱ ከአምራቹ ብቻ ውሰዱ። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት እንደማይገባ ሁሉ፥ የዛሬ ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ የአምራቹን ረቂቅ ፊርማ ይመረምራሉ፤ ይህን ምርመራ ዝጉ የሚላችሁን አትስሙ። መዝገባችሁን በሌላ ዲስክ ገልብጡ። ዲስኩ በምስጢር የተቈለፈ ከሆነ፥ ከእድሳት በኋላ ኮምፒዩተሩ የመክፈቻውን ረጅም ቍጥር ሊጠይቅ ይችላልና አስቀድማችሁ በወረቀት ጽፋችሁ በካዝና አኑሩት። ላፕቶፕ እንደ ሆነ ባትሪው ይሙላ፥ ገመዱም ይሰካ፤ ባትሪ የሌለው ከሆነ ከዩፒኤስ ጋር ይያያዝ።

ከጀመራችሁ በኋላ ገጹ ሊጠቍር፥ ማራገቢያው ሊጮኽ፥ ኮምፒዩተሩም ሁለት ሦስት ጊዜ በራሱ ጠፍቶ ሊነሣ ይችላል። በዚህን ጊዜ ቡናችሁን ጠጡ እንጂ እጃችሁን ወደ ማብሪያው አትስደዱ።