ዙላ፦ በእንግሊዝ ሀገር ስሟ የተጠራ የሐበሻ ድመት
ዙላ፣ የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 በመቅደላ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተዋግቶ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ከሐበሻ ምድር እንደ ተወሰደች የተጻፈላት፣ የካፒቴን ባሬት ሌናርድ ሚስት ድመት ናት፤ ስሟም ጦሩ ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ወደብ ስም ነው። በ1871 በሎንዶን ክሪስታል ፓላስ በተደረገው ትርኢት አንዲት የሐበሻ ድመት ሦስተኛ ሽልማት አገኘች፤ በ1874 ደግሞ ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ጸሐፊ የዙላን ሥዕል ስለ ድመቶች በጻፈው መጽሐፍ አወጣ። ሆኖም የሥዕሏ ጆሮ ትንሽ ስለ ሆነ፣ ጆሮው ሰፊ፣ እያንዳንዱ ጠጕሩም ቀላና ጠቆር እያለ የሚፈራረቅ ለሆነው ለዛሬው የሐበሻ ድመት ዘር እናት ናት ለማለት ያዳግታል። በዳንግላና በእንጅባራ ጎተራ ሥር አይጥ የምታድነው ድመትማ ከዚህ ሁሉ ማዕርግ አልተካፈለችም። ሊቃውንተ ሥነ ፍጥረት ግን የዛሬውን ዘር ምንጭ በሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ይፈልጉታል፤ በላይደን ከተማ ቤተ መዘክር ተጠብቆ የሚኖረው፣ ከ1830ዎቹ የቆየው የዚህ ዓይነት ድመት ገላም የትውልድ ሀገሩ ሕንድ ተብሎ ተመዝግቧል።