ሳይቃጠል በቅጠል፦ የፖቶማክ ረግረግና የእኛ አሸዋ

ባለፈው ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ፣ የ495ን አውራ ጎዳና ይዤ፣ የውድሮው ዊልሰንን ድልድይ ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ወዳጄን ልጠይቅ ሄድኩ። ቡናችንን ከጠጣን በኋላ ከከተማው በስተደቡብ ዳይክ ማርሽ ወደሚባለው ረግረግ ወጣን። እግረ መንገዳችንን ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ አዲስ አበባ የሚያሠራውን ቤት አሳየኝ። በሩ ላይ አሸዋና ጠጠር ተቆልሏል። እኛም የቆምነው አሸዋና ጠጠር ፍለጋ ባጠፋው ስፍራ ዳር ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ስሙት የተባለ የአሸዋና የጠጠር ኩባንያ ይህን ረግረግ በማሽን እየዛቀ ለኮንክሪት የሚሆነውን ይጭን ነበር። ዋሽንግተንና አካባቢዋ በሚሰፉበት በዚያ ዘመን ጠጠር ገንዘብ ነበር። በሌላ በኩል የወፍና የዓሣ ወዳጆች፣ ተፈጥሮን እንጠብቅ የሚሉ ዜጎች አቤት አሉ። ጩኸታቸውም ኮንግረስ ደረሰ። የሚቺጋኑ እንደራሴ ጆን ዲንግል ከረግረጉ ጠበቆች አንዱ ነበሩ። በ1959 ኮንግረስ ስፍራው ለዱር አራዊት መኖሪያነት እንዲጠበቅ በሕግ ደነገገ።

አንባቢ ሆይ፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ባማረ! ነገር ግን ኩባንያው በዚያ መሬት ይዞታ ስለነበረው ስምምነት ተደረገ፤ መሬቱን ለመንግሥት ሲለቅ መቆፈሩን እንዲቀጥል ተፈቀደለት። ቁፋሮው የቆመው በ1972 ነው። ሕግ ከወጣ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ማለት ነው! በ1937 ከነበረው ረግረግ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠፋ።

ጉዳቱም ከማሽኑ ጋር አልሄደም። ኩባንያው ከደቡብ በኩል ማዕበሉን ይመክት የነበረውን ምላስ መሬት ጭምር ዝቆ ወስዶታል። ስለዚህ ከደቡብ የሚነሳ ወጀብ ያለከልካይ ይገባል። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም በ2010 ባወጣው ጥናት ረግረጉ በዓመት ከ1.5 እስከ 2 ኤከር እየተሸረሸረ መሆኑንና ካልታገዘ በ2035 ገደማ ሊጠፋ እንደሚችል አስጠነቀቀ። ከሳንዲ አውሎ ነፋስ በኋላ፣ በ2013፣ ለማገገሚያው ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተመደበ። ከዚያም ጠጠር ከተዛቀበት ስፍራ ላይ ሌላ ድንጋይ ተጭኖ መጥቶ የማዕበል መከላከያ ተሠራ። በርካሽ የተሸጠውን መልሶ በውድ መግዛት ይሏል ይህ ነው።

ይህ የሀብታም አገር ታሪክ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን አቢጃታ አለን። የአቢጃታ ሻላ ፓርክ የተቋቋመው በተለይ ለውሃ ወፎች ሲባል ነው። ሆኖም በደርግ ዘመን የሶዳ አሽ ፋብሪካ በሐይቁ ዳር ተተከለ። ሐይቁን የሚመግበው የቡልቡላ ወንዝ ውሃም ለመስኖ ተጠለፈ። ሐይቁ ከዓመት ዓመት ሸሸ። እዚያም ፓርኩና ፈቃዱ ጎን ለጎን ኖሩ። ልዩነቱ የፖቶማክን ረግረግ ለማዳን መጮህ የቻለ፣ ጩኸቱም የተሰማለት ሕዝብ መኖሩ ነው። እሱም ቢሆን ከግማሽ በላዩን አላተረፈም።

ከዚህ የምማረው አንድ ነገር ነው። “ስፍራው ተከልሏል” ሲባል ማጨብጨብ አይበቃም፤ “ቁፋሮውስ መቼ ይቆማል?” ብሎ ቀኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀን ያልተቆረጠለት ክልከላ ከፈቃድ ብዙም አይለይም።

ይህ ጥያቄ ደግሞ ለመንግሥታት ብቻ አይደለም። አገር ቤት ቤት የምናሠራ ብዙዎች ነን። የሲሚንቶውን ዋጋ እናውቃለን፤ የአናጢውን ስም እናውቃለን። አሸዋው ከየትኛው ወንዝ፣ ጠጠሩ ከየትኛው ካባ እንደመጣ፣ በካባው ጎረቤት ያለው ገበሬ ምን እንዳለ ግን ማን ጠይቆ ያውቃል? እኔ ራሴ የአባቴን ቤት ሳሳድስ አልጠየቅሁም።

ወዳጄ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ለጥቂት ጊዜ ውሃውን ተመለከተ። “ማታ ወንድሜ ጋ ልደውል፣ አሸዋው ከየት እንደሆነ ልጠይቀው” አለኝ። ትንሽ ነገር ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ግን ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ቸር ይግጠመን።