የግል ቁልፍ ጠባቂ ፕሮግራም ምላሽ መስጠት ሲያቆም የሚወሰዱ እርምጃዎች (ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች)

የኤሌክትሮኒክ ፊርማ በአዋጅ ቁጥር 1072/2010 ሕጋዊ ዕውቅና አግኝቷል። ፊርማው የሚሠራው በባለቤቱ እጅ ብቻ በሚገኝ የግል ቁልፍ ነው። ጂኑፒጂ የተሰኘውን ሶፍትዌር በሊኑክስ ኮምፒውተር በሚጠቀሙ ሰዎች ዘንድ ይህን ቁልፍ የሚጠብቀው «ጂፒጂ ኤጀንት» የተባለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ምላሽ ሲያጣ ሰነድ መፈረምም ሆነ የተመሰጠረ ፋይል መክፈት አይቻልም።

በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል፣ በዓለም ከተማና በአካባቢያቸው የሚኖሩ ተጠቃሚዎች ባለሙያ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ድረስ ከመጓዛቸው በፊት የሚከተሉትን በቅደም ተከተል እንዲሞክሩ ይመከራል።

1. የይለፍ ቃል መጠየቂያውን ይፈልጉ። ፕሮግራሙ የቆመ የሚመስለው ብዙ ጊዜ መጠየቂያው ሣጥን ከሌሎች መስኮቶች ጀርባ ተሸፍኖ ስለሚጠብቅ ነው።

2. የቁልፍ ካርድ የሚጠቀሙ ከሆነ ካርዱን ነቅለው መልሰው ይሰኩ።

3. ከሲስተም ሞኒተር ውስጥ ጂፒጂ ኤጀንትን ይዝጉ። መዝጋቱ ቁልፉን አያጠፋም፤ የሚጠፋው በጊዜያዊነት የተያዘው የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በሚቀጥለው አጠቃቀም ራሱ ይነሣል።

4. መብራት በድንገት ተቋርጦ ኮምፒውተሩ ከጠፋ የመቆለፊያ ፋይል ሊቀር ይችላል። ሌላ የጂኑፒጂ ሥራ እየሄደ አለመሆኑን ካረጋገጡ በኋላ የስሙ መጨረሻ «ሎክ» የሚለውን ፋይል ብቻ ያስወግዱ።

5. ቀኑንና ሰዓቱን ያረጋግጡ። የኮምፒውተሩ ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በእጅ ከተሞላ ከ7 እስከ 8 ዓመት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ቁልፉ ገና ወደፊት የሚፈጠር ሆኖ ይታያል፤ ሶፍትዌሩም አይቀበለውም። ሰዓቱንም ከአገራችን አቆጣጠር ጋር ለማስማማት 6 ሰዓት መቀነስ በፊርማው ላይ የተሳሳተ ጊዜ ያሰፍራል። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ብሎ መምረጥ በቂ ነው።

ጥንቃቄ

የጂኑፒጂን ማኅደር በሙሉ መሰረዝ ወይም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን መፍትሔ አይደለም። ቅጂ ያልተያዘለት የግል ቁልፍ አንድ ጊዜ ከጠፋ ማንም አካል ሊመልሰው አይችልም፤ በእርሱ የተመሰጠሩ ሰነዶችም እንደተዘጉ ይቀራሉ። ስለሆነም የቁልፉን ቅጂ ከኮምፒውተሩ ውጭ በአስተማማኝ ቦታ ያስቀምጡ። የይለፍ ቃልዎን ለጥገና ባለሙያም ቢሆን አይስጡ።

ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ገብቷል ብለው ከጠረጠሩ የምስክር ወረቀቱን ለሰጠዎት አካል ወዲያውኑ በማሳወቅ እንዲሰረዝ ይጠይቁ። በግል ኮምፒውተር ላይ በራስ የተፈጠረ ቁልፍ ብቻውን የምስክር ወረቀት አለመሆኑን እናስገነዝባለን።