ሴሊኒየም፦ ሰውነት ለአንጎል ቅድሚያ የሚሰጥበት ማዕድን

ሴሊኒየም ሰውነት በጥቂቱ የሚፈልገው፣ ሲጓደል ግን ጤናን የሚያናጋ ማዕድን ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመከረው መጠን 55 ማይክሮ ግራም ገደማ ነው፤ አንድ ማይክሮ ግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ማዕድኑ ከአፈር ወደ ሰብልና መኖ፣ ከዚያም ወደ እንስሳትና ወደ ሰው ይተላለፋል።

በፕሮቲን ውስጥ ያለው ድርሻ

ሴሊኒየም ሥራውን የሚያከናውነው የፕሮቲኖች አካል በመኾን ነው። የሰው ልጅ እነዚህን ፕሮቲኖች የሚሠራባቸው 25 ዘረመሎች አሉት። አንዳንዶቹ ፕሮቲኖች ሕዋሳትን ከጉዳት ይከላከላሉ። ሌሎቹ የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨውን ሆርሞን ለሥራ ዝግጁ ያደርጋሉ። ይህ ሆርሞን ለሕፃናት አንጎል ዕድገት ወሳኝ ነው፤ ስለዚህ ከአዮዲን በተጨማሪ ሴሊኒየምም ያስፈልጋል።

እጥረት ሲከሰት

ጉበት ሴሊኖፕሮቲን ፒ የተባለውን ፕሮቲን ሠርቶ በደም አማካኝነት ማዕድኑን ወደ አንጎል ይልካል። እጥረት ሲከሰት በጉበት፣ በደምና በጡንቻ ያሉት ፕሮቲኖች ቀድመው ሲቀንሱ አንጎል ግን ድርሻውን ይዞ ይቆያል። ኾኖም ይህ ጥበቃ ወሰን አለው። ይህን ተሸካሚ ፕሮቲን እንዳይሠሩ የተደረጉ አይጦች ሴሊኒየም ያነሰው መኖ ሲመገቡ የእንቅስቃሴ መታወክ ታይቶባቸዋል።

በዚህም የተነሳ ጉዳቱ በአብዛኛው ቀድሞ የሚታየው በጡንቻ ላይ ነው። ጥጆችና ግልገሎች እግራቸው ይገተራል፤ መቆምም ያቅታቸዋል። በቻይና ኬሻን በተባለ አካባቢ ስሙን ያገኘው የልብ ጡንቻ በሽታም ከሴሊኒየም እጥረት ጋር የተያያዘ ነው።

አፈሩና ገበሬው

በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በኢትዮጵያና በማላዊ የእህል ሴሊኒየም መጠን ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ አሳይቷል። በአሲዳማ አፈር ማዕድኑ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ለሥር በቀላሉ አይደርስም። አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከም ይህንን ሊያሻሽል ይችላል። ፊንላንድ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሴሊኒየምን በማዳበሪያ ላይ በመጨመር የሕዝቧን አመጋገብ አሻሽላለች።

ጥንቃቄ

የአንድ አካባቢን እህል ብቻ የሚመገብ ቤተሰብ የሚያገኘው ሴሊኒየም በዚያው አፈር ላይ የተመሠረተ ነው። እንቁላል፣ ዓሣና ሥጋ ጥሩ ምንጮች ናቸው። ከመጠን በላይ ሲኾን ግን ፀጉርን ያረግፋል፤ ጥፍርንም ይጎዳል። ስለዚህ እንክብልም ኾነ የእንስሳት መርፌ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ መጠቀም አይገባም።