ኮዴይንና የኢትዮጵያውያን ጉበት፦ ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ ልናውቀው የሚገባ

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ከዓመታት በፊት ቤቴ የደረሰ ነገር ማታ ማታ ከሥራ መልስ የሕክምና ጥናቶችን እንዳገላብጥ አስገደደኝ። ያነበብኩት ለኔ ብቻ የሚቀር ሆኖ ስላላገኘሁት ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 እዚህ ኤል ሴሪቶ ሳለን የአምስት ዓመት ልጃችን ቶንሲሉን ኦፕሬሽን ተደርጎ በዚያው ቀን ወደ ቤት ተመለሰ። ለሕመሙ ማስታገሻ ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ ታዘዘለት። በታዘዘው ልክ፣ በሰዓቱ ሰጠነው። በሁለተኛው ሌሊት ልጁ ጭልጥ ብሎ ተኛ። እኔና ባለቤቴ «ተመስገን፣ ተሻለው» ብለን ነበር። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ግን አጠገቡ ቁጭ ብላ ትንፋሹን ስታዳምጥ ቆይታ፣ «ልጄ፣ ይሄ እንቅልፍ የጤና አይደለም። ተነስ!» አለችኝ። ብንጠራው፣ ብንነቀንቀው አልነቃ አለ። ትንፋሹም ይቆይና ነበር የሚመጣው። 911 ደወልን። እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ተረፈ፤ ዛሬ በቁመት ይበልጠኛል። ምን እንደነካው ስንጠይቅ ግን «አንዳንድ ልጅ ላይ እንዲህ ያጋጥማል» ከማለት በቀር ያስረዳን ሰው አልነበረም። መልሱን ያገኘሁት በኋላ፣ በራሴ ንባብ ነው።

ኮዴይን እንዴት ይሠራል?

ኮዴይን ብቻውን ደካማ መድኃኒት ነው። ሕመም የሚያስታግሰው ጉበታችን ውስጥ ገብቶ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ይህን የሚለውጠው ሲፕ-ቱ-ዲ-ሲክስ የሚባል ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙን የሚያሠራው ጂን በአብዛኛው ሰው ዘንድ ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዳንዱ ሰው ግን ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም በላይ ቅጂ ይዞ ይወለዳል። እንዲህ ያለው ሰው ኮዴይን ሲወስድ ጉበቱ በፍጥነት ብዙ ሞርፊን ያመርታል። ሞርፊን ሲበዛ ደግሞ መጀመሪያ እንቅልፍ ያበዛል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ያዘገያል። በተቃራኒው የማይሠራ ጂን የያዘ ሰው ኮዴይን ቢወስድ ከሕመሙ እምብዛም አይታገስም።

እኛን የሚመለከተው ቁጥር

እ.ኤ.አ. በ1996 በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች፣ ከነሱም ዋናዋ ኢትዮጵያዊቷ እሌኒ አክሊሉ፣ ባወጡት ጥናት ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን መካከል 29 ከመቶ የሚሆኑት የተባዛ ጂን ያላቸው ሆነው ተገኙ። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 ከመቶ ብቻ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ኮዴይን ባወጣው ማስጠንቀቂያ ይህንኑ 29 ከመቶ ጠቅሶታል። በዚያው ሠንጠረዥ ለአፍሪካ አሜሪካውያን የተሰጠው ከ3.4 እስከ 6.5 ከመቶ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሐኪም ቤት በምንሞላው ቅጽ ላይ ለሁላችንም ያለችው ሳጥን አንዲት ናት። ሳጥኗ ላይ ምልክት ስናደርግ በ29 እና በ5 መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋል። በሌላ በኩል 29 ከመቶ ማለት ከመቶው 71 ሰው ይህ የለበትም ማለት ነውና ኢትዮጵያዊ መሆን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የሚለየው ምርመራ ነው።

እርምጃው ዘግይቶ መጣ። ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2013 ኮዴይን ቶንሲል ለወጣላቸው ሕፃናት እንዳይሰጥ ከለከለ። በ2017 ደግሞ ክልከላውን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በሙሉ አደረገው፤ ለሚያጠቡ እናቶችም እንዳይታዘዝ መከረ። ትራማዶል የሚባለውም ማስታገሻ በዚሁ ጂን ስለሚሠራ አብሮ ተካቷል። አገር ቤትም የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይንን አግዷል። ከ1996 እስከ 2013 አሥራ ሰባት ዓመት ነው። ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው የኔ ልጅ ሽሮፑን የጠጣው።

ስደትም ጉበት ይለውጣል?

በጣም ያስገረመኝ ሌላ ጥናት አለ። እነ እሌኒ አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ2002 አገር ቤት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ስዊድን ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋር አነጻጸሩ። ጂናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ አገር ቤት ያሉት ኢንዛይም ቀስ ብሎ፣ ስዊድን ያሉት ደግሞ ፈጠን ብሎ ሲሠራ ተገኘ። ስለዚህ ጂን ብቻውን አይወስንም፤ የምንኖርበት አካባቢም እጁ አለበት። «አገር ቤት ወስጄው ምንም አላደረገኝም» የሚለው አባባላችን እዚህ ላያስኬደን ይችላል ማለት ነው።

ነጭ የደም ሴል አነሰ ሲባል

ብዙዎቻችን የደም ምርመራ ውጤት ላይ «ኒውትሮፊል ዝቅተኛ» የሚል አይተን ደንግጠናል። ዱፊ የሚባል ምልክት በቀይ የደም ሴላቸው ላይ የሌለባቸው ሰዎች ቁጥሩ በተፈጥሮ ያንስባቸዋል፤ በሽታ አይደለም። ይህ እ.ኤ.አ. በ2009 በጂን ጥናት ተረጋገጠ። ምልክቱ አለመኖሩ ቪቫክስ የተባለውን ወባ ለመከላከል የሚረዳ ሲሆን በኢትዮጵያውያን ዘንድ የተለመደ ነው። ይህን የማያውቅ ሐኪም ግን የሚያስፈልግ መድኃኒት ሊቀንስ ወይም ሊያቆም ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ኮዴይን ወይም ትራማዶል ሲታዘዝ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን «ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ይህን መድኃኒት በጣም በፍጥነት የሚለውጡ ብዙ ናቸውና ሌላ አማራጭ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።
2. በደም ወይም በምራቅ የሚደረግ የጂን ምርመራ አለ፤ አንዴ ከተደረገ ውጤቱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ኢንሹራንሳችሁ ይከፍል እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።
3. ከዚህ ቀደም ተርፎ ጓዳ የተቀመጠ ሽሮፕ ለልጅ አትስጡ፤ ለጎረቤትም አታበድሩ።
4. መድኃኒቱን የወሰደ ሰው አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ሳትውሉ ሳታድሩ 911 ደውሉ።
5. የጀመራችሁትን መድኃኒት ግን ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪማችሁን አማክሩ።

እኔ በሥራዬ አንዲት ብሎን ስመርጥ እንኳ መግለጫዋን ሳላነብ አላልፍም። ለልጄ የሰጠሁትን ጠርሙስ መግለጫ ግን አላነበብኩም ነበር። ያን ሌሊት ልጁን ያዳነችው ማንበብ የማትችለው እናቴ ናት፤ እሷ ያዳመጠችው ትንፋሹን ነው። እኛ ደግሞ ማንበብ እንችላለንና ጠይቀን፣ አንብበን እንውሰድ።

ቸር ይግጠመን።