አሮጌ ላንድክሩዘር ለያዛችሁ፦ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ማወቅ ያለባችሁ

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ፣ ያለውን እያደሱ መንዳት የግድ ሆኗል። ዋና ዋናውን እንዲህ ይዘንላችኋል።

ቺንጋ፦ ብዙዎቹ ላይ ያለው ሞተር 1ኤችዜድ ነው፤ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። ጠንካራ ነው፤ ግን ታይሚንግ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አለቀለት ማለት ነው። ቆጣሪ ወደኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ መኪና ስትገዙ ማስረጃ ካላያችሁ ቺንጋው እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

ውሃ፦ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ጨውና ፍሎራይድ ይበዛዋል። ራዲያተር ውስጥ ዝገትና ደለል ይሠራል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። የተጣራ ውሃ ከኩላንት ጋር ተጠቀሙ። ከጋለ ደግሞ ሳይበርድ ክዳኑን እንዳትከፍቱ፣ ያቃጥላችኋል።

አቧራ፦ ከአስፋልት ወጥታችሁ የምትሠሩ ከሆነ የአየር ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ እዩት። ስታስነፉት ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን። ክሮቼራዎቹንም ግራሶ አስመቱ።

ቁልቁለት፦ ከአዲስ አበባ አዳማ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅታ አለው። ጭነት ይዛችሁ ፍሬን ብቻ እየረገጣችሁ አትውረዱ፤ የጋለ ፍሬን ይከዳል። ማርሽ ቀንሱ።

በመጨረሻም፣ ከጋራዥ ስትወጡ የተቀየረውን ዕቃና የቆጣሪውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ቀጣዩ ጥገና መቼ እንደሆነ የምታውቁት በሱ ነው።